አራት ድርሃም

ፕሪዝረን ከተማ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ በወንዙ ዳርቻ፣
ንጋት የሚነግረው ዶሮ አይደለም እዚያ፤ መዶሻ ነው ብቻ።
አንዱ በር አፈሙዝ፣ አንዱ በር ቃታ ነው፣ አንዱ በር እንጨት፤
ጠመንጃ በዚያ አገር አንድ ሰው አይወልደው፤ ብዙ ነው አባት።

በርሜሉ የሐሰን። ብረቱን እንደ ጥብጣብ እያጋለ፣
በዘንግ ላይ ጠቅልሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ፣ ቀዳዳውን እየሳለ፣
ሲጨርስ ያትማል የአንድ ጣልያን ስም፣
ጣልያኑ ከሞተ መቶ ዓመት ቢያልፍም።
"ገዢ ይወደዋል!" ይላል፤ ኃጢአት አይመስለውም።

ብሩ ግን የንዱ። የአንጥረኛው ንዱ።
የሸረሪት ድር ነው፣ ክር ነው በክር ላይ የሚያልፈው በእጁ፤
ባዶ ቦታ ካየ ዛጎል ይሰካበታል።

ሰደፍ በእኛ አፍ የጠመንጃ ተረከዝ፣ የትከሻ እዳ፣
ወታደር ተናዶ የሰው ጥርስ የሚያወልቅበት በር ሲንኳኳ ማልዳ።
በቱርኮቹ አፍ ግን ሰደፍ ማለት ዛጎል፣
ባሕር ልሳ ልሳ የወለወለችው፣ ብርሃን ያደረበት ቅል።
ቃሉ ወደኛ ሲጓዝ የት ጋ ጥሎት ይሆን ባሕሩን?
እንጨቱን ብቻ ይዞ ደረሰ። ምቱን።

ዘይነል ቤይ አዘዘ፦ ጥንድ ሽጉጥ፣ ለልጁ ለሴልማን ሠርግ።
"አበባዋ ስምንት ቅጠል ይኑራት፤ ከዚያ በታች አልፈልግ።"

የንዱ ዓይን ፈዟል፣ የከሰል ጭስ በልቶት፤
መሮው ብሩን ስቶ ጣቱን ወግቶት፣ ወግቶት።
ስለዚህ ሌሊቱን፣ መዝጊያው ሲቆለፍ፣
ድራኔ፣ ልጁ ናት በመሮ የምትጽፍ።
ሴት የነካችው ነፍጥ ዒላማ ይስታል ይባላል።
ስለዚህ አይነገርም። ንዱ ሠራው ይባላል።

ስስ ብር በዝፍት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣
በጀርባው ሲመታ በደረቱ ሞልቶ፣
ቅጠሉ ይነሣል። አንድ። ሁለት። ሦስት።
ሰባት ላይ ቆመች፣ መዶሻዋን አስቀምጣ ከጉልበቷ ፊት።
ለምን? ምናልባት የኩራዙ ዘይት አለቀ። ምናልባት ድካም።
ወይም ከዚያ ሁሉ ጽሕፈት፣ ከጣልያኑ ስም፣ ከቤዩ ስም፣
ከጸሎቱ፣ ከዓመቱ ቁጥር መሐል፣
አንድ የእህል ፍሬ የምታክል ጎጆ፣ ምንም ያልተጻፈባት፣ አምሯት ይሆናል።

ቤዩ ሲረከብ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። "ስምንተኛዋስ?"
ንዱን ላብ አጠመቀው፤ ሐሰን በጎረቤት በር ዝም አለ፣ ቆመ ያ ምላስ።
ከመጋረጃው ኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
"ረግፋለች፣ ጌታዬ። ጽጌረዳ እኮ ይረግፋል በበጋ።"
ቤዩ ሳቀ። ከፈለ።

ሦስት ክረምት አለፈ።
አንዱ ሽጉጥ መጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። መንታው የለም።
የት እንደ ቀረ ማንም አልጠየቀም።
ያመጣው ሙሽራው ነው፤ ጺሙ ሞልቷል፣ ሳቁ ጎድሏል፤
ባልጩት የሚነክሰው መንጋጋ ተሰብሯል፤
ብሩም ሳስቷል።
ጥይት አልነካውም። አውራ ጣት ነው የበላው፣
መንጋጋው በተሳበ ቁጥር በላዩ እያለፈ፣ ቅጠል በቅጠል ያላው።

ድራኔ በአመድ ውኃና በሎሚ አጠበችው።
ጥቁር ወጣ። "ባሩድ ነው" አለ አባቷ። ከጥቁሩ በኋላ የወጣውን ግን ስም አልሰጠችው።
ወደ ወንዙ አልደፋችም፣ ሴቶች ከታች ልብስ ያጥባሉ፤
በጓሮው በለስ ሥር አፈሰሰች። በለሱ ያውቃል እንዴ? ዛፎች ዝም ይላሉ።

ንዱ ሚዛን አወጣ፤ የዚያን ጊዜው ክብደት በመዝገብ አለ።
አራት ድርሃም ጎደለ።

አራት ድርሃም ብር የት ይገባል?
ያልተሰረቀ፣ ያልተሸጠ፣ ከእሳት ያልገባ፣ እንዴት ይጠፋል?
በቆረሰው ዳቦ፣ በሚስቱ ጠጉር፣ በሕፃኑ ግንባር፣
ሳያውቀው አብሶት ይሆናል፣ በየቀኑ ትንሽ፣ ያንን ብር።

መለሰችለት። ቅጠሎቹን ከሥር አነሣች፣ ሰባቱን፤
አራት ድርሃም፣ ልክ፤ አልጨመረችም ስምንተኛዋን።

ሴልማን በመዳፉ መዘነው። "አሁን ሞላ" አለ።
አውራ ጣቱ ግን፣ እሱ ከአባቷ ጋር ዋጋ ሲከራከር፣
በአበባው ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ እግር፣
ሰባቱን አልፎ፣
ከባዶዋ ቦታ ደርሶ አረፈ።